«ከባድ እርሳስ ትልቅ ዓሣ ይይዛል» እና ሌሎች የመንጠቆ ስህተቶች

ከጅማ ወጥቶ በአሰንዳቦ በኩል ግልገል ጊቤ ግድብ ዳር መንጠቆ የሚጥል ሰው ስለ ክሩና ስለ ትሉ ብዙ ይጨነቃል። ክሩን ለሚያሰምጠው ክብደት፣ ማለትም ለእርሳሱ፣ ግን ያገኘውን ብረት ያስራል። ለምን ሲባል መልሱ ሁሌም አንድ ነው፦ «ከበድ ካለ ሩቅ ይሄዳል፤ ትልቁ ዓሣ ደግሞ ያለው ሩቅ ነው።» ሁለቱም ስህተት ነው። ይህን መስማት በእውነት ይሰለቻል።

መጀመሪያ ውርወራውን እንይ። እርሳሱን የሚያስፈነጥረው ጎብጦ ቀጥ የሚለው ዘንግ ነው። ከእጀታው ከፍ ብሎ ዘንጉ የሚችለው ክብደት ተጽፎበታል፤ ለምሳሌ 10–30 ግራም። በዚህ ዘንግ ላይ አሮጌ ካንዴላ ከታሰረ ዘንጉ እንደጎበጠ ይቀራል፤ ውርወራው ያጥራል፣ ወይ ጫፉ ይሰበራል፣ ወይ ክሩ ይበጠስና ካንዴላው ብቻውን ይሄዳል። 3 ግራም ሲታሰር ደግሞ ጭራሽ ስለማይጎብጥ ጉልበት አያገኝም። ደህና የሚሄደው ከመካከሉ ትንሽ ከፍ ያለው ነው፤ እዚህ 20–25 ግራም። ቁጥሩ በአውንስ ከሆነ 1 አውንስ 28 ግራም ያህል ነው፤ ስለዚህ ከ1/4 እስከ 3/4 ማለት ከ7 እስከ 21 ግራም ነው።

«ትልቁ ሩቅ ነው» የሚለው የባሰ ነው። ቆሮሶ (ቲላፒያ) በአብዛኛው አልጌና የበሰበሰ ዕፅ ስለሚመገብ ዳር ዳሩን፣ ሣር አጠገብ ይውላል። ወንዱ ጎጆውን የሚቆፍረውም ጥልቀት በሌለው ዳር ነው። 40 ሜትር የሚወረውር ሰው ዓሣውን ከእግሩ ሥር ትቶ ባዶ ውኃ ውስጥ ያጠምዳል። ውኃው ጸጥ ባለበት ጠዋት ደግሞ ከባድ ብረት ሲያርፍ አካባቢው ያለው ሁሉ ይበተናል።

ቆሮሶ ትሉን በቀስታ ነው የሚያነሳው፤ ክብደት ከተሰማው ይተፋዋል። ስለዚህ ለእሱ ከ1 እስከ 3 ግራም ከቡሽ ጋር ይበቃል። ልኩ በባልዲ ይለያል፦ ቡሹን ከነመንጠቆው ባልዲ ውኃ ውስጥ ጣሉና ግማሽ ጣት ያህል ብቻ ከላይ እስኪቀር እርሳስ ጨምሩ። ከዚያ የመጨረሻዋን ትንሽ እርሳስ ከመንጠቆው 10 ሴንቲ ሜትር ከፍ አድርጋችሁ አጥብቁ። ዓሣው ትሉን ከነእርሳሷ ሲያነሳ ቡሹ ወደ ላይ ብድግ ይላል። ብዙ ሰው ቡሹ እስኪሰምጥ ስለሚጠብቅ ይህን አያየውም። ያኔ ነው ዘንጉን ማንሳት።

አምባዛ ሌላ ነው። ታች ስለሚፈልግ 20–40 ግራም ያስፈልጋል። እርሳሱ ግን ክሩ ላይ መንሸራተት አለበት፤ ማቆሚያው ቋጠሮ ከመንጠቆው 40 ሴንቲ ሜትር ያህል ይራቅ። አምባዛው ክሩን እየሳበ ሲሄድ እርሳሱ አይጎትተውም።

ወንዝ ላይ፣ ጎጀብም ሆነ ጊቤ፣ ድብልብል እርሳስ ስለሚንከባለል ጠፍጣፋው ይሻላል። ልኩም መሬት እንደምንም የሚይዘው ክብደት ነው፤ ክረምት ላይ ውኃው ሲሞላ ይጨመራል።

«ድንጋይም እኩል ይመዝናል» ይባላል። አየር ላይ አዎ። ውኃ ውስጥ ግን 10 ግራም እርሳስ 9 ግራም ያህል ሲከብድ 10 ግራም ድንጋይ 6 ግራም ገደማ ነው የሚከብደው፤ በዚያ ላይ ትልቅ ስለሆነ ጅረት ይገፋዋል። እርሳስ ከጠፋ ዳዶ ይሻላል። ሚዛንም አያስፈልግም፤ በ10 ቁልፍ የሚፈታው የተለመደው ዳዶ 2.5 ግራም፣ በ13 የሚፈታው 5፣ በ17ቱ 11፣ በ19ኙ 17 ግራም ገደማ ነው።

«ከባድ ማባበያ ይሰምጣል።» አይደለም። ቪዲዮ ላይ አሜሪካኖች ባስ የሚባለውን ዓሣ ከውኃ ላይ የሚይዙባቸው የፕላስቲክ ማባበያዎች ብዙዎቹ ከ7 እስከ 21 ግራም ናቸው፤ ሁሉም ይንሳፈፋሉ፣ ውስጣቸው ባዶ ነውና። መንጠቆውን በትልቅ ስትቀይሩት ግን ጅራቱ ይወርድና እንቅስቃሴው ይበላሻል። ደግሞ ለቆሮሶ አይደሉም።

እርሳስን በጥርስ ማጥበቅ «ምንም አያደርግም» የሚሉም አሉ። እርሳስ መርዝ ነው፤ በፒንሳ አጥብቁ፣ ሳትታጠቡ አትብሉ። ከአሮጌ ባትሪ እርሳስ እያወጡ በቤት ብረት ድስት ማቅለጥ ደግሞ ፈጽሞ አይሞከርም፤ ብናኙና ጢሱ ከሁሉ በፊት የሚጎዳው ሕፃናትን ነው። እንግሊዝ ከ28 ግራም በታች ያሉትን አብዛኞቹን የእርሳስ ክብደቶች በ1987 እ.ኤ.አ. የከለከለችው የውኃ ወፎች እየዋጧቸው ስለሚሞቱ ነው።

«ጉቶ ሲይዘው ከባዱ በጉልበት ይላቀቃል» የሚባለውም ልክ አይደለም፤ ከባዱ ይበልጥ ይሰነቀራል። ዋናው ክር 0.35 ሚሊ ሜትር ከሆነ ዳዶውን በ10 ሴንቲ ሜትር ባለ 0.20 ክር ለብቻው አንጠልጥሉት። ቋጠሮውን ከማጥበቃችሁ በፊት በውኃ አርጥቡት። ጉቶ ሲይዝ የሚበጠሰው ቀጭኑ ነው፤ ዳዶው ይቀራል፣ መንጠቆውና ዓሣው ይመጣሉ።