«በጥረት የተያዘ ዓሣ» ሲባል ምን ማለት ነው?

ጣና ዳር፣ በዘጌ በኩል፣ ደንገል መልሶ የተተከለበት ቦታ ዓሣ ማስጠለል አለማስጠለሉ የሚታወቀው በጠቅላላ ኪሎው አይደለም። የተያዘው ኪሎ ለጥረቱ ይካፈላል፤ «በጥረት የተያዘ ዓሣ» የሚባለው ይህ ነው፤ ጥረት ማለት የመረቡ ብዛት በሌሊቱ ብዛት ተባዝቶ ነው። ደንገሉ ጋ 1 መረብ 3 ሌሊት እየተጣለ 9 ኪሎ፣ ባዶው ዳርቻ ላይ 3 መረብ 2 ሌሊት እየተጣለ 12 ኪሎ ቢያወጣ፣ የሚበልጠው 9ኙ ነው፦ ለአንድ መረብ በአንድ ሌሊት 3 ኪሎ በ2 ኪሎ።

ስሌቱ ቀላል ነው፤ የሚያሳስተው መረቡ ነው። ርዝመቱም ዓይኑም (የቀዳዳው ስፋት) እኩል ካልሆነ ንጽጽሩ ከንቱ ነው። አንዱ ዓይኑን ከቋጠሮ ቋጠሮ ለክቶ 5 ሴንቲ ይላል፤ ሌላው ያንኑ ዓይን ወጥሮ ከጫፍ እስከ ጫፍ ለክቶ 10 ይላል። ስለዚህ አለካኩ መዝገብ ላይ ይጻፍ። መረቡ ማታ ተጥሎ ጠዋት ይነሣ፤ ዓሣ የሞላው መረብ ሌላ መያዝ ያቆማልና። ምንም ያልተያዘበት ሌሊትም «0» ተብሎ ይመዝገብ። ብዙ ሰው ይህን ይዘለዋል፣ አማካዩም ያለ አግባብ ያብጣል።

ወቅትም አለ። በክረምት ነጭ ዓሣ የሚባለው የጣና ዓሣ ለመራባት ወደ ግልገል ዓባይ ስለሚወጣ ወንዙ አፍ ላይ ይታጨቃል። የነሐሴን ቁጥር ከጥር ጋር ማወዳደር አይቻልም።