ጥርስ ከማስተከላችሁ በፊት፦ ስለ መንጋጋ አጥንት ተሳስተን የምናወራቸው ነገሮች

የጥርስ ሀኪም ነኝ። ሰው መጥቶ «ዶክተር ክፍተቱ ይሄው፣ ብሎኑን ግጠምልኝ» ሲለኝ እሱ የሚያየው ድዱን ነው፣ እኔ ግን የምጨነቀው ከድዱ ስር ስላለው አጥንት ነው፣ ኢምፕላንትን፣ ማለትም በጥርስ ስር ምትክ የሚተከለውን የታይታኒየም ብሎን፣ የሚይዘው አጥንት ነዋ። ደጋግሜ የምሰማቸውን ስህተቶች ልንገራችሁ።

«ተነቀልኩ እንጂ አጥንቱ የት ይሄዳል፣ ብር ሲገኝ አስተክላለሁ»

ይሄዳል እኮ! ጥርስን አቅፎ የያዘው አጥንት ያለው ለጥርሱ ብሎ ነው፣ ጥርሱ ሲነሳ ስራ ይፈታና መሟሟት ይጀምራል፣ በመጀመሪያው 1 አመት ብቻ ስፋቱ በግማሽ ሊቀንስ ይችላል፣ ከዛ ውስጥም አብዛኛው የሚሄደው በመጀመሪያዎቹ 3 ወራት ነው። በተለይ የላይ የፊት ጥርስን በከንፈር በኩል የሚሸፍነው አጥንት ብዙ ሰው ላይ 1 ሚሊሜትር እንኳን አይሞላም። ተማሪ እያለሁ አናቶሚ ክፍል ውስጥ ጥርስ የሌለው የታችኛ መንጋጋ በእጄ ይዤ አውቃለሁ፣ ቀጥኖ ቀጥኖ የእርሳስ ውፍረት ቀርቶታል፣ ጎኑ ላይ መሆን የነበረበት የነርቭ መውጫ ቀዳዳ አናቱ ላይ ወጥቷል። አሁን አንዲት እናት የሚወልቀውን ጥርሳቸውን አድርገው ሲያኝኩ «ልጄ፣ ኮረንቲ ነው የሚነዝረኝ» ሲሉኝ ያ አጥንት ነው ትዝ የሚለኝ፣ ጥርሱ ነርቩ ላይ ተቀምጦባቸው ነው። ስለዚህ እባካችሁ ከመነቀላችሁ በፊት ጠይቁ፣ አንዳንዴ ጉድጓዱን በዛው ቀን በአጥንት ማሟያ መሙላት ይቻላል።

«ታች ሲሰራ ነርቭ ከተነካ አፍ ይጣመማል»

ይሄ ፍርሃት ስንቱን አስቀርቷል። ፊትን የሚያንቀሳቅሰው ነርቭ ሌላ ነው፣ በጆሮ ስር ወጥቶ ነው ፊት ላይ የሚበተነው። በታችኛው መንጋጋ ውስጥ እንደ ቱቦ ባለ መንገድ የሚያልፈው ግን የስሜት ነርቭ ነው፣ ከትናንሾቹ መንጋጋ ጥርሶች በታች ባለች ቀዳዳ ወጥቶ ለታች ከንፈርና ለአገጭ ስሜት ይሰጣል። እሱ ቢጎዳ አፍ አይጣመምም፣ ከንፈር ነው የሚደነዝዘው፣ ሻይ ሲጠጡ በአገጭ ቢፈስ አይታወቅም፣ አንዳንዱ ሰው ላይ ደግሞ ሳይመለስ ይቀራል፣ ቀላል ነው እያልኩ አይደለም። ለዛ ነው ከነርቩ በላይ ቢያንስ 2 ሚሊሜትር የምንተወው። በምላስ በኩል ያለውን ግን የሚያነሳው የለም፣ እዛ ጋ አጥንቱ ወደ ውስጥ ጎድጎድ ይላል፣ ድሪሉ በስቶ ከወጣ ከምላስ ስር ያለ ደም ስር ሊቆረጥና እብጠቱ ትንፋሽ ሊዘጋ ይችላል። የሚያጋጥመው ከስንት አንዴ ነው፣ ግን ያጋጥማል።

«ላይኛው ግን ምንም አደጋ የለውም»

ከላይ የኋላ ጥርሶች በላይ ሳይነስ አለ፣ አየር ብቻ የያዘ ክፍል። የራስ ቅል ወደ መስኮት አዙራችሁ ብታዩ ብርሃኑ በስሱ ግድግዳ ያልፋል። መንጋጋ ጥርስ ሲነቀል ሳይነሱ ወደታች ይሰፋል፣ ከታች ደግሞ አጥንቱ ይቀንሳል፣ መሀል ላይ 3 ወይ 4 ሚሊሜትር ብቻ የሚቀርለት ሰው አለ። ሳይነስ ሊፍት የሚባለው 1 ሚሊሜትር ገደማ የሆነችውን ስስ ሽፋን ሳይቀዱ ቀስ ብሎ ከፍ አድርጎ ስሯን መሙላት ነው። ከዛ በኋላ አፍንጫ በሀይል መናፈጥ ክልክል ነው ስንላችሁ እሷን ስለምንፈራ ነው።

«ራጅ ተነስቻለሁ፣ ይበቃል»

ሙሉ አፍ የሚያሳየው ራጅ ጠፍጣፋ ነው፣ ቁመት እንጂ ውፍረት አያሳይም፣ ያውም አተልቆ። አጥንቱን እንደ ዳቦ ቆርጦ የሚያሳየው ኮን ቢም ሲቲ ነው። ራጅ ላይ ቁመቱ ያማረ አጥንት ሲቲ ላይ እንደ ቢላ ስል ሆኖ ስንቴ አይቻለሁ።

«ሰውነት ብረቱን ይገፋዋል»

ታይታኒየምን አጥንት አይገፋውም፣ ይጣበቀዋል። ስዊድናዊው ተመራማሪ ብሮኔማርክ እ.ኤ.አ. በ1952 ጥንቸል አጥንት ውስጥ የከተተው ታይታኒየም አልላቀቅ ብሎት ነው ነገሩ የተጀመረው፣ በ1965 የተከለለት የመጀመሪያው ሰው እስኪሞት ከ40 አመት በላይ ተጠቅሞበታል። ኢምፕላንት የሚወድቀው በብዛት በኢንፌክሽን፣ በሲጋራ ወይም አጥንቱ ሳይዘው ጫና ስለበዛበት ነው።

«ልጄ የፊት ጥርሱ ወልቋል፣ አሁኑኑ ይተከልለት»

ባለፈው አንድ አባት የ14 አመት ልጁን ይዞ መጥቶ ነበር። ከአጥንት ጋር የተጣበቀ ነገር አይንቀሳቀስም፣ ጎረቤቶቹ ጥርሶች ከመንጋጋው ጋር እያደጉ ሲወርዱ ኢምፕላንቱ ባለበት ይቀራል፣ ከአመታት በኋላ ወደ ላይ የገባ አጭር ጥርስ ይመስላል። ለጊዜው የሚለጠፍ ጥርስ ሰርተንለት እድገቱ እስኪያልቅ እየጠበቅን ነው።