ፓስዎርድ ሰራቂ ትሮጃን ምንድን ነው?

ትሮጃን ደህና ነገር መስሎ ገብቶ በስውር ሌላ ሥራ የሚሠራ ፕሮግራም ነው። እንደ ዎርም ራሱን አያባዛም፤ ሰው ራሱ ከፍቶ ያስገባዋል። ከዚህ ወገን የሆነው ፓስዎርድ ሰራቂ ገና ከጅምሩ የቻት ተጠቃሚን ነው ያደነው።

እ.ኤ.አ. በ1990ዎቹ አጋማሽ አሜሪካ ውስጥ ኤኦሄል የተባለ ፕሮግራም የኢንተርኔት አገልግሎት ሰጪውን የኤኦኤልን ሠራተኛ መስሎ ደንበኞችን ፓስዎርድ ይጠይቅ ነበር። የቻት ፕሮግራሞቹ አይሲኪው በ1996፣ ኤምኤስኤን ሜሴንጀር በ1999 ሲመጡ መጠየቁም ቀረ። «ፓስዎርዴን አስታውስ» የሚለው ሳጥን ላይ ምልክት ካለ ፓስዎርዱ እዚያው ኮምፒውተር ላይ ይቀመጣል። ተቆልፎ ቢቀመጥም ሜሴንጀሩ በራሱ ፈትቶ መግባት ስላለበት መክፈቻውም እዚያው ነው፤ ሌባው በዚያው ይከፍተዋል። ሳጥኑ ባዶ ከሆነ ደግሞ የውሸት መግቢያ መስኮት ይደቅናል። ፓስዎርድ ሲጻፍለት «ተሳስተዋል» ብሎ ይጠፋና እውነተኛው ይከፈታል። ሰውዬው ጣቴ ስቶ ነው ብሎ እንደገና ይጽፋል፤ ያኔ ግን የመጀመሪያው ተልኳል።

አገባቡ ቀላል ነበር። ፋይሉ «ፎቶ.ጄፒጂ.ኢኤክስኢ» ይባላል፤ መጨረሻው «ኢኤክስኢ» የሆነ ፋይል ፎቶ ሳይሆን ፕሮግራም ነው፤ ዊንዶውስ የመጨረሻውን ቅጥያ ስለሚደብቅ የሚታየው «ፎቶ.ጄፒጂ» ብቻ ነው። የሚላከውም ቀድሞ በተሰረቀ አካውንት፣ በጓደኛ ስም ነው። በ1999 የወጣው ሰብሰቨን የተባለ ትሮጃን እንዲያውም የተጠቃው ኮምፒውተር ኢንተርኔት ላይ በወጣ ቁጥር ለሌባው በአይሲኪው መልእክት ይሰድ ነበር፤ ድፍረቱ ይገርማል።

እንግዲህ የባሕር ዳር ዩኒቨርሲቲ የፔዳና የፖሊ ግቢ ተማሪ ውጭ አገር ካለ ዘመዱ ጋር በያሁ ሜሴንጀር (በ2018 ተዘግቷል) ለማውራት ይቀመጥበት የነበረውን የባሕር ዳር ኢንተርኔት ቤት አስቡት። አንዱ ተነሥቶ ሌላው እዚያው ማሽን ላይ ይቀመጣል። ዊንዶውስ 98 ከሆነ የመግቢያው መስኮት ላይ «ካንስል» መጫን ለመግባት ይበቃል፤ የገባ ሁሉ የፈለገውን መጫን ይችላል። ስለዚህ ጠዋት አንድ ሰው የከፈተው ፋይል ማታ ለሚመጣው ሁሉ ይተርፋል። ማሽኑን ወደ ቀድሞ ይዞታው የሚመልሰውን ዲፕ ፍሪዝ የተባለ ፕሮግራም መጫን ይረዳል፣ ግን የሚያጸዳው ማሽኑ ጠፍቶ ሲነሣ ብቻ ነው። ደንበኛ በተቀየረ ቁጥር ሪስታርት ካልተደረገ ኪይሎገሩ (በኪቦርድ የሚጻፈውን ሁሉ በስውር የሚመዘግበው ፕሮግራም) ቀኑን ሙሉ ይለቅማል። ለቅሞ የላከውን ደግሞ ሪስታርት አይመልሰውም።

አካውንት ሲሰረቅ ብዙ ሰው እዚያው ወንበር ላይ ሆኖ ፓስዎርድ ይቀይራል። አዲሱም በዚያው መንገድ ይሄዳል። መቀየር ያለበት ከሌላ፣ ንጹሕ ከሆነ ማሽን ነው፤ ከፓስዎርዱ ጋርም የማስታወሻ ጥያቄውና ተለዋጭ ኢሜይሉ ይታዩ። ሌባው እነዚህን በራሱ ቀይሯቸው ከሆነ «ፓስዎርድ ረሳሁ» ብሎ በማግስቱ ተመልሶ ይገባል።