ስለ ፕሮቲን ተደጋጋሚ እጥፋቶች፦ የተሳሳቱ አመለካከቶች እና እውነታው

ቱሉ ዲምቱ ባዮሎጂ ሳስተምር፣ በፕሮቲኖች ውስጥ ስለሚደጋገሙ እጥፋቶች (የአሚኖ አሲድ ሰንሰለት ሲታጠፍ በአንድ ፕሮቲን ውስጥ ወይም በተለያዩ ፕሮቲኖች ደጋግመው ስለሚታዩ ቅርጾች) ከተማሪዎቼ የምሰማቸው የተሳሳቱ አመለካከቶች ከዓመት ዓመት አይለወጡም።

«እጥፋቱ ከተደጋገመ የአሚኖ አሲዶቹም ቅደም ተከተል ያው ነው» ይላሉ። የሚደጋገመው ግን በዋናነት ቅርጹ ነው። ከትምህርት ቤቱ አጥር ማዶ በሚሠራው ሕንፃ ፌራዮው ሳንቃ ላይ ምስማር መትቶ ስታፋ ሲያጥፍ፣ ፌሮው ከየትኛውም ቁራጭ ቢመጣ መታጠፊያዎቹ ስለማይለወጡ የሚወጣው ቀለበት አንድ ዓይነት ነው። አንኪሪን ድግግሞሽ በሚባለው፣ 33 ገደማ አሚኖ አሲዶች ባሉት ተደጋጋሚ የፕሮቲን ክፍልም ከክፍል ክፍል የሚጠበቁት ቅርጹን የሚይዙት ጥቂቶቹ ሲሆኑ፣ በውጭው ገጽ ያሉት በእጅጉ ይለያያሉ። ምሳሌዬ የሚጎድለው ፌራዮው ላይ ነው፤ የፕሮቲን እጥፋት የሚወሰነው በራሱ በሰንሰለቱ ቅደም ተከተል እንደሆነ የኬሚስትሪ ተመራማሪው ክርስቲያን አንፊንሰን ራይቦኑክሊዬዝ በተባለ ፕሮቲን አሳይቶ፣ እ.ኤ.አ. በ1972 የኬሚስትሪ ኖቤልን ተጋርቷል።

አልፋ ሄሊክስ የተባለውን የሰንሰለቱን ጥምዝምዝ ክፍልም በየ3.6 አሚኖ አሲዱ አንድ ዙር ስለሚዞር ብቻ ከተደጋጋሚ እጥፋቶች የሚቆጥሩት አሉ። እርሱ እጥፋቱ የሚገነባበት ብሎኬት እንጂ እጥፋቱ አይደለም።

ይበልጥ የሚያሳስበኝ ግን «ድግግሞሽ ብክነት ነው» የሚለው ነው። ሉሲን የተባለው አሚኖ አሲድ የሚበዛባቸው ድግግሞሾች እያንዳንዳቸው ከ20 እስከ 30 አሚኖ አሲዶች ይይዛሉ፤ ጎን ለጎን ሲደረደሩም በጋሪ ፈረስ ኮቴ ላይ እንደሚመታው ብረት የጎበጠ ቅርጽ ይሠራሉ። የጎበጠው ውስጠኛ ገጽ ሰፊ ስለሆነ፣ ጥቂት አሚኖ አሲዶች ሲቀያየሩ ግንባታው ሳይፈርስ የሚያዘው ነገር ይለወጣል። መጀመሪያ በኡጋንዳ የተለየውን ዩጂ99 የተባለ የግንድ ዋግ የሚቋቋመው የስንዴ ፕሮቲን ኤስአር35፣ የዋጉን ፕሮቲን በቀጥታ የሚይዘው በዚሁ ክፍሉ ነው። ዋግ ማሳውን ሲያጠፋበት ያየ የስንዴ ገበሬ ይህን ብክነት የሚለው አይመስለኝም።

በመጨረሻም «እጥፋቱ አንድ ከሆነ ሥራውም አንድ ነው» ይባላል። ቲም በርሜል ስምንት ቤታ ሰንሰለቶችና (የተዘረጉ የሰንሰለቱ ክፍሎች) ስምንት አልፋ ሄሊክሶች እየተፈራረቁ የሚሠሩት እጥፋት ነው። የእንጀራውን ስታርች ገና አፋችን ውስጥ መሰባበር የሚጀምረው አሚሌዝም፣ በቅጠል ውስጥ ካርቦን ዳይኦክሳይድን ከስኳር ጋር የሚያያይዘው ሩቢስኮም ይህ በርሜል አላቸው፤ ሥራቸውን የሚለየው በበርሜሉ አፍ ላይ፣ በቤታ ሰንሰለቶቹ ጫፍና ከእነርሱ በሚቀጥሉት ቀለበቶች የሚሰለፉት አሚኖ አሲዶች ማንነት ነው።