ብሌድ ራነር፦ የትኛውን ነው ያያችሁት?

ባህር ዳር ውስጥ ፊልም የሚጭን ሱቅ ገብታችሁ «ብሌድ ራነር አለ?» ብትሉ አንድ ፋይል ፍላሻችሁ ላይ ይገለብጡላችኋል። የትኛውን ብሎ የሚጠይቅ የለም። ከዚያ ጣና ዳር፣ የተጠበሰ አሳ ፊት ክርክሩ ይነሳል። አንዱ ጀግናው ሲተርክ ሰምቷል፣ ሌላው ምንም ትረካ አልሰማም። አንዱ ፍቅረኞቹ በአረንጓዴ ተራራ ሲነዱ አይቷል፣ ሌላው ፊልሙ የአሳንሰር በር ሲዘጋ አልቆበታል። ማንም አልዋሸም፤ ያዩት ቅጂ ይለያያል።

ላላያችሁት፦ ሪድሊ ስኮት በ1982 ያወጣው የሳይንስ ልብወለድ ፊልም ነው (ዓመቶቹ ሁሉ በፈረንጆቹ ናቸው)። በ2019ዋ ሎስ አንጀለስ ዴካርድ የሚባል ሰው (ተዋናዩ ሃሪሰን ፎርድ ነው) ያመለጡ ሰው ሰራሽ ሰዎችን እያደነ ይገድላል። ስለ ቅጂዎቹ የሚወሩትን ነገሮች አንድ በአንድ እንያቸው። ከዚህ በታች መጨረሻውን እያወራሁ ነው፤ መገረም የሚፈልግ አይቶ ይመለስ።

«ዳይሬክተርስ ከት (የዳይሬክተሩ ቅጂ) ማለት የተቆረጠው ሁሉ የተመለሰበት ረጅም ፊልም ነው»

አይደለም። የ1982ቱ የሲኒማ ቅጂ 117 ደቂቃ ገደማ ነው፤ የ1992ቱ ዳይሬክተርስ ከት ደግሞ 116። ትረካው ወጣ፣ ደስ የሚለው መጨረሻ ወጣ፣ ዴካርድ ባለ አንድ ቀንድ ፈረስ የሚያይበት አጭር ህልም ገባ፤ ዋናው ለውጥ ይኸው ነው። የዚሁ ዳይሬክተር «ኤሊየን»ም እንዲሁ ነው። የ2003ቱ ዳይሬክተርስ ከት ከ1979ኙ በአንድ ደቂቃ ያህል ያጥራል። ስኮትም ቢሆን የሚመርጠው የ1979ኙን ነው።

«የ1992ቱን ስኮት ራሱ ቁጭ ብሎ ሰራው»

በ1990 እና በ1991 አሜሪካ ውስጥ ያላለቀ የሥራ ቅጂ ለሕዝብ ታየና ተወደደ። ስቱዲዮው ያንን የዳይሬክተሩ ቅጂ ብሎ ሊያስተዋውቅ ሲል ስኮት «ይሄ የኔ አይደለም» አለ። የ1992ቱ የተዘጋጀው ከዚያ በኋላ ነው፤ በጥድፊያ፣ ስኮት በሰጠው ማስታወሻ መሠረት፣ በሌሎች እጅ። ሙሉ ሥልጣን ያገኘው በ2007 በወጣው «ፋይናል ከት» (የመጨረሻው ቅጂ) ብቻ ነው።

«ትረካውን ስቱዲዮው ከሜዳ ተነስቶ ለጠፈው፤ ፎርድም ተናዶ ሆን ብሎ አበላሸው»

ግማሽ እውነት አለበት። ፊልሙ ከመውጣቱ በፊት ዴንቨርና ዳላስ ላይ ለሙከራ ሲታይ ተመልካቹ ግራ ገባው። ገንዘብ ያወጡት ሰዎች ደነገጡ፣ ትረካውም ተጨመረ። ግን ሐሳቡ አዲስ አልነበረም፤ ተራኪ ድምፅ ቀደም ባሉት የስክሪፕት ረቂቆች ላይም ነበር። ሃሪሰን ፎርድ ትረካውን እንደጠላው አልደበቀም። ሆን ብዬ አበላሸሁት የሚለውን ግን አስተባብሏል፤ በተቻለኝ መጠን አነበብኩት ነው ያለው።

እኛ አገር ትርጉም ፊልም የለመደ ሰው ትረካ ብዙም አይረብሸውም። እኔን የሚረብሸኝ አንድ ቦታ ነው። ጣሪያ ላይ፣ በዝናብ ውስጥ፣ ሰው ሰራሹ ሮይ ሊገድለው ይችል የነበረውን ዴካርድን ያድነዋል። ጥቂት ቃል ይናገራል፣ አንገቱን ይደፋል፣ እጁ ላይ የነበረችው እርግብ ትበራለች። በ1982ቱ ቅጂ ልክ እዚህ ላይ ዴካርድ ይመጣና ለምን እንዳዳነው ያብራራልናል። ፊልሙን ቀድሞ ያየ ጓደኛ አጠገባችሁ ተቀምጦ እንደሚያስረዳችሁ ማለት ነው። በኋለኞቹ ቅጂዎች ዴካርድ ዝም ብሎ ያያል። ለኔ በቂ ነው።

«የባለ አንድ ቀንዷ ፈረስ ህልም ከሌላ ፊልም የተረፈ ነው»

ስኮት በ1985 ባወጣው «ሌጀንድ» ውስጥ እንዲህ ዓይነት ፈረስ ስላለ የመጣ ወሬ ነው። ምስሉ ለብሌድ ራነር ራሱ የተቀረጸ ነው። ከሌላ ፊልም የመጣው የ1982ቱ መጨረሻ ላይ የምናየው ተራራ ነው፤ ስታንሊ ኩብሪክ ለ«ዘ ሻይኒንግ» ከሄሊኮፕተር አስቀርጾ ከተረፈው ላይ ሰጣቸው።

«ዳይሬክተርስ ከት ዴካርድ ራሱ ሰው ሰራሽ መሆኑን አረጋገጠ»

አሳው የሚቀዘቅዘው እዚህ ክርክር ላይ ነው። መጨረሻ ላይ ዴካርድ በሩ ደጃፍ በወረቀት የተሰራች ባለ አንድ ቀንድ ፈረስ ያገኛል። ፖሊሱ ጋፍ ነው ያስቀመጣት። ይህች ወረቀት በ1982ቱም አለች፤ እዚያ ትርጉሟ «መጥቼ ነበር፣ ፍቅረኛህን ግን አልነካኋትም» ብቻ ነው። በ1992 ህልሙ ሲጨመር ነገሩ ተገለበጠ፦ ጋፍ የሰውየውን ህልም በምን አወቀ? ስኮት አዎ፣ ሰው ሰራሽ ነው ይላል። ፎርድ ለዓመታት ሰው ነው ብሎ ተከራክሯል። ከስክሪፕቱ ጸሐፊዎች አንዱ ሃምፕተን ፋንቸር ደግሞ ጥያቄው ክፍት ይሁን ባይ ነው። ፊልሙ ይጠቁማል እንጂ አያረጋግጥም፤ እኔ ከፋንቸር ጋር ነኝ።

ሌላው ማስረጃ ተብሎ የሚቀርበው ቁጥር ነው። የዴካርድ አለቃ ስድስት ሰው ሰራሾች አምልጠው አንዱ ሞቷል ይላል፤ የምናየው ግን አራት ብቻ። ታዲያ አምስተኛው ዴካርድ ነው? አይደለም። አንዲት ገጸ ባሕርይ ከታሪኩ ስትወጣ ንግግሩ ሳይታረም ቀርቶ ነው። በ2007 «ሁለቱ ሞተዋል» ተብሎ ተስተካክሏል።

«የ2007ቱ ምስሉን ብቻ ነው ያጸዳው»

ካመለጡት አንዷ ዞራ መስታወት እየሰበረች ስትሮጥ ፊቷ አደገኛውን ትዕይንት የሠራችላት የስታንት ሠራተኛ መሆኑ ያስታውቅ ነበር። ተዋናይቷ ጆአና ካሲዲ ከዓመታት በኋላ ተመልሳ ተቀረጸችና ፊቷ በኮምፒውተር ተተካ። የእባብ ሻጩ ትዕይንት ላይ ደግሞ የፎርድ አፍና ድምፁ አይገጥሙም ነበር፤ የልጁን የቤን ፎርድን ከንፈር ቀርጸው ገጠሙት።

የፋይሉን ስም አትመኑ፤ ፍላሻችሁ ላይ ያለውን ለመለየት ፊልሙን ክፈቱ። ዴካርድ ጋዜጣ ይዞ ሲጠብቅ ድምፁ ከተረከ የ1982ቱ ነው። ካልተረከ ወደ እርግቧ እለፉ። ቀን በሚመስል ሰማያዊ ሰማይ ላይ ከበረረች የ1992ቱ ነው፤ በጨለማ ሰማይ ከሆነ የ2007ቱ።