ስለ ጦስኝ ግቢ የሚወሩ የተሳሳቱ ነገሮች እና እውነታው

ደብረ ብርሃን ላይ ቤት የሰራ ሰው መጀመሪያ የሚያስበው ግቢውን ሳር ማልበስ ነው። ክረምቱን ያምርለታል፣ ጥር ላይ ግን ሳሩ ቢጫ ይሆናል፣ ለሳር ብሎ ውሃ የሚያባክን ደግሞ የለም። አሁን አሁን ሰው ፊቱን ወደ ጦስኝና ወደ ሌሎች ድርቅ ቻይ ተክሎች እያዞረ ነው፣ ጥሩ ነገር ነው፣ ብቻ አብሮ የሚወራው ወሬ ግማሹ ልክ አይደለም።

"ጦስኝ የተራራ ነው፣ ግቢ ውስጥ አይፀድቅም"

እንዴ፣ ደብረ ብርሃን ራሷ ተራራ ላይ አይደለች እንዴ? የኛ ጦስኝ፣ በሳይንሳዊ ስሙ ታይመስ ሺምፔሪ፣ ከኢትዮጵያ ውጪ በተፈጥሮ የማይገኝ ተክል ነው፣ ከ2,200 ሜትር ገደማ ጀምሮ እስከ 4,000 ሜትር አካባቢ ይበቅላል፣ ከተማዋ ደግሞ 2,800 ላይ ነች። የህዳር ውርጭ ጄራኒየሙን አጥቁሮት ሲያድር ጦስኙ ምንም አይሆንም። ሸዋ ሮቢት ላለ ዘመድ ግን ችግኙን ባትልኩለት ይሻላል፣ እዛ ሙቀቱ አይስማማውም።

"ድርቅ ይችላል፣ ስለዚህ ተክሎ መተው ነው"

ድርቅ የሚችለው ስሩ ከያዘ በኋላ ነው። የመጀመሪያውን በጋ በየሳምንቱ ደህና አድርጋችሁ አጠጡት፣ ቀጣዩ አመት ላይ ትቀንሳላችሁ።

"ጦስኝ ከሞተ ውሃ ጠምቶት ነው"

ይሄ ነው ዋናው ስህተት። እኛ ጋ ጦስኝን የሚገድለው በጋ ሳይሆን ሐምሌና ነሐሴ ነው። መሬታችን ብዙ ቦታ መረሬ፣ ማለትም ጥቁር ጭቃማ አፈር ነው፣ ውሃ ይቋጥራል፣ ስሩ ታፍኖ ይበሰብሳል፣ ከዛ ተክሉ መስከረም ላይ ሲደርቅ ባለቤቱ ጠምቶት ነው ብሎ ውሃ ይጨምርበታል፣ ያኔ የቀረውም አበቃለት። ሬትም፣ ላቬንደርም፣ የጥብስ ቅጠልም በዚሁ መንገድ ነው የሚያልቁት። መፍትሄው ማጠጣት ላይ ሳይሆን አፈሩ ላይ ነው ያለው። እነዋሪ ያሉ ገበሬዎች መረሬ ላይ ስንዴ ሲዘሩ በእጃቸው አፈሩን እያነሱ መደብና ቦይ ያወጡ የለ? እሱኑ ግቢ ውስጥ አድርጉት፣ መደቡን አንድ ክንድ ያህል ከፍ አድርጉና አሸዋና ጠጠር ደባልቁበት፣ ቦዩን ወደ ውጪ አስወጡት። ግቢው ተዳፋት ከሆነ ደግሞ እድለኛ ናችሁ፣ በድንጋይ እርከን ከካባችሁለት ጦስኙ ድንጋዩ ላይ ራሱ ይንጠለጠላል። 

"ፍግ በደንብ ከተደረገበት ቶሎ ይሸፍናል"

ቶሎማ ያድጋል፣ ግን ይዝረከረካል፣ መሃሉ ይሳሳል፣ ሽታውም ይቀንሳል። ጦስኝ ከሲታ አፈር ነው የሚወደው። ፍጉን ለጎመኑ አድርጉት።

"ከጓሳ ነቅሎ ማምጣት ነው፣ ምን ችግኝ መግዛት ያስፈልጋል"

ተዉ እንጂ። መንዝ ጓሳ ስንት ዘመን ቄሮ በሚባለው ባህላዊ የሳርና የግጦሽ አጠባበቅ ስርዓት ሲጠበቅ የኖረ፣ ዛሬም ህዝቡ የሚጠብቀው ቦታ ነው፣ ቀይ ቀበሮውም ጭላዳውም እዛ ነው ያሉት። ደግሞ ከስሩ የተነቀለ ትልቅ ጦስኝ ብዙ ጊዜ አይፀድቅም። ግቢው ውስጥ ጦስኝ ካለው ሰው መሬት ላይ ተኝቶ ስር ያወጣውን ቅርንጫፍ ቆርጣችሁ ውሰዱ፣ በ25 ሳንቲሜትር ርቀት ትከሉት፣ ጊዜ ይወስዳል እንጂ ይሞላል።

"አንዴ ከሸፈነ አረም የለም፣ ልጆችም ኳስ ይጫወቱበታል"

ከሸፈነ በኋላ አረሙ ይቀንሳል፣ እስኪሸፍን ግን አራሚው እናንተ ናችሁ። በተለይ ሰርዶ! ሳይተከል በፊት ስሩን ለቅማችሁ ካላወጣችሁ ጦስኙን ሰንጥቆ ይወጣል፣ ያኔ መለየት አይቻልም። ኳሱን ደግሞ እርሱት፣ አልፎ አልፎ መረገጥ ይችላል እንጂ ሜዳ አይሆንም፣ መተላለፊያ ላይ ጠፍጣፋ ድንጋይ አስቀምጡና በመሃሉ ይሙላ። እንደውም ኳስ ሜዳ ከፈለጋችሁ ያ የምትረግሙት ሰርዶ ነው የሚሻላችሁ። ሌላው፣ ሲያብብ ንብ ይወረዋል፣ ቀፎ ላለው ሰው ደስታ ነው፣ በባዶ እግሩ ለሚሮጥ ልጅ ግን አይደለም።

"ውሃ ቆጣቢ ግቢ ማለት ጠጠርና ቁልቋል ነው"

ማን እንዳመጣው እንጃ፣ ጠጠር ብቻ የፈሰሰበት ግቢ በጋ ላይ ያቃጥላል። ለአጥር የጥብስ ቅጠል፣ ጥግ ጥጉን ጤና አዳምና አሪቲ፣ ለጥላ ወይራ፣ ፀሀይ የሚመታው ድንጋያማ ቦታ ላይ ሬት አድርጉ። አሎ ደብራና የሚባለው ሬት እዚሁ ደብረ ብርሃን ዙሪያ ሜዳው ላይ በተፈጥሮ የሚበቅል ነው፣ ከቆላ የሚመጡት ግን ውርጭ ይመታቸዋል። ባህር ዛፍ ስር ምንም ባትሞክሩ ይሻላል፣ ውሃውን ቀድሞ ይጠጣዋል።

"ጦስኝ ከተቆረጠ ይደርቃል"

የሚደርቀው ቅጠል የሌለው እንጨቱ ድረስ ከተቆረጠ ነው። አበባው ካለፈ በኋላ ለስላሳውን ጫፍ፣ አንድ ሶስተኛውን ያህል ከከረከማችሁት እንደውም ይጠጋጋል። የተከረከመውን ጥላ ላይ አድርቁት፣ ግማሹ ለሻይ ግማሹ ለሽሮ ይሆናል።