ሶላር ፍሌር ምንድን ነው?

ባለፈው እናቴ በቴሌግራም አንድ መልእክት ላከችልኝ። «ዛሬ ሌሊት ከ6፡30 እስከ 9፡30 ከጠፈር አደገኛ ጨረር ስለሚመጣ ስልካችሁን አጥፉ፣ ከአጠገባችሁም አርቁት» ይላል። መልእክቱ ዓመታት ያስቆጠረ ነው፤ በየጊዜው እንደ አዲስ ይዞራል። እሷ ግን አምናው ስልኳን አጥፍታ ተኛች። ጠዋት ብደውል ብደውል አልገኝ ስትል እኔ ደግሞ ሌላ ነገር አስቤ ደነገጥኩ።

ማስፈራሪያው ውሸት ነው። ሌሊት 6፡30 ላይ እኮ ፀሐይ ከእግራችን ሥር፣ በምድር ማዶ ናት። ፀሐይ ላይ የሚፈነዳው ነገር ግን እውነት ነው፣ ስለዚህ በደንብ ብናውቀው ይሻላል።

ሶላር ፍሌር ማለት ፀሐይ ላይ የተጠራቀመ የማግኔት ጉልበት ድንገት ሲለቀቅ የሚፈጠር ኃይለኛ ብልጭታ ነው። አንዳንዱ የፀሐይ ነበልባል ይለዋል፣ አንዳንዱ የፀሐይ ፍንዳታ። እኔ ብልጭታ የሚለውን እመርጣለሁ፣ ምክንያቱም ከፍሌሩ እኛ ጋ የሚደርሰው ብርሃን ነው እንጂ እሳት አይደለም። ብርሃኑ ውስጥ ደግሞ በዓይን የማይታይ ብዙ አለ፤ ኤክስሬይና አልትራቫዮሌት።

ጉልበቱ ከየት ይመጣል? ፀሐይ እንደ ምድር ጠጣር አይደለችም። ፕላዝማ የሚባል፣ እጅግ የጋለና ኤሌክትሪክ የሚያስተላልፍ ጋዝ ናት። ወገቧ በ25 ቀን ገደማ አንድ ዙር ሲዞር ዋልታዎቿ አካባቢ ከ30 ቀን በላይ ይፈጅበታል። በዚህ ምክንያት የማግኔት መስመሮቿ እየተጎተቱ ይጠማዘዛሉ። ጥጥ ሲፈተል ያየ ሰው ይህን ቶሎ ይረዳዋል፦ ክሩን አብዝተህ ካከረርከው ራሱ ላይ ይጠቀለላል፣ ይቋጠራል። ፀሐይ ላይም የከረሩት መስመሮች በአንድ ቦታ ተበጥሰው ወዲያው በሌላ መልክ ይቀጠላሉ፤ ክረቱ ሲላላ ታምቆ የነበረው ጉልበት በደቂቃዎች ውስጥ ይወጣል። ይህ የሚሆነው ብዙ ጊዜ ጥቁር የፀሐይ ነጠብጣብ ባለበት አካባቢ ነው። ነጠብጣቡ የሚጠቁረው እዚያ ያለው ብርቱ ማግኔት ከታች የሚወጣውን ሙቀት ስለሚያግደው ነው።

የፍሌር መጠን በአምስት ፊደል ይመደባል፦ ኤ፣ ቢ፣ ሲ፣ ኤም፣ ኤክስ። እያንዳንዱ ፊደል ካለፈው 10 እጥፍ ይበልጣል። እ.ኤ.አ. በኅዳር 2003 የመጣው ከመጠን በላይ ስለነበር የሳተላይቱን መለኪያ አልፎት ሄደ፤ መጠኑ በኋላ ነው በስሌት የተገመተው።

ብዙ ሰው የሚያምታታው ፍሌሩንና ማዕበሉን ነው። ለየቅል ናቸው። የፍሌሩ ብርሃን በ8 ደቂቃ ከ20 ሰከንድ ምድር ይደርሳል፣ ከእሱ የሚፈጥን ዜና ስለሌለ ደግሞ «መጣ» ብሎ ቀድሞ የሚነግርህ የለም፤ ባየኸው ቅጽበት ደርሷል ማለት ነው። ማዕበሉ ግን ፀሐይ የምትተፋው ከባድ የፕላዝማ ደመና ነው፣ ቢሊዮን ቶኖች ይመዝናል፣ ብዙውን ጊዜ ከ1 እስከ 3 ቀን ይጓዛል። ሁለቱ አብረው ሊመጡ ይችላሉ፤ አንዱ ያለ ሌላውም ይመጣል።

የፍሌሩንና የማዕበሉን ግንኙነት መጀመሪያ ያየው እንግሊዛዊው ሪቻርድ ካሪንግተን ነው፤ መስከረም 1 ቀን 1859 እ.ኤ.አ.። የፀሐይን ምስል በቴሌስኮፕ ሰሌዳ ላይ እያሳረፈ ነጠብጣብ ይስል ነበር፣ ልክ በቆርቆሮ ጣሪያ ቀዳዳ ገብታ ወለሉ ላይ ክብ ሆና እንደምናያት። ነጠብጣቦቹ መሃል ድንገት ሁለት ነጭ ብርሃን ቦግ አለ። ምስክር ሊጠራ ሮጠ። ከአንድ ደቂቃ ባነሰ ጊዜ ሲመለስ ብርሃኑ መድከም ጀምሯል። ሪቻርድ ሆጅሰን የሚባል ሌላ ሰውም በራሱ ቴሌስኮፕ ያንኑ አይቶ ነበር። ከ17 ሰዓት ተኩል ገደማ በኋላ የምድር ማግኔት ተናወጠ፣ በተለምዶ ዋልታ አካባቢ የሚታየው የሌሊት ሰማይ ብርሃን እስከ ኩባ ታየ፣ አሜሪካ ውስጥ የቴሌግራፍ ሠራተኞች ባትሪያቸውን ነቅለው ሽቦው ላይ በገባው ኤሌክትሪክ ብቻ ተነጋገሩ።

ያኔ የነበረው ሽቦ የቴሌግራፍ ብቻ ነው። መጋቢት 13 ቀን 1989 እ.ኤ.አ. ካናዳ ውስጥ የኩቤክ መብራት በ90 ሰከንድ ገደማ ድርግም ብሎ ጠፋ፤ 6 ሚሊዮን ሰው ለ9 ሰዓት በጨለማ ቆየ። የአካባቢው አለት ኤሌክትሪክ አያሳልፍም፣ ስለዚህ ማዕበሉ የቀሰቀሰው ጅረት ረጃጅሞቹን የኃይል መስመሮች መንገድ አደረጋቸው። ግንቦት 2024 ላይ ደግሞ ከ2003 ወዲህ ያልታየ ብርቱ ማዕበል መጣ። የአሜሪካ ገበሬዎች የዘር ወቅታቸው ነበር፤ ጂፒኤሱ ሲዛባባቸው በሳተላይት የሚመሩትን ትራክተሮች አቁመው ጠበቁ።

ታዲያ ቀድሞ ማወቅ አይቻልም? ለማዕበሉ በተወሰነ ደረጃ ይቻላል። ከምድር 1.5 ሚሊዮን ኪሎ ሜትር ላይ የቆሙ መንኮራኩሮች ደመናው ሲያልፋቸው ከ15 ደቂቃ እስከ 1 ሰዓት ያህል ቀድመው ያስጠነቅቃሉ። ፍሌሩን ግን ተመራማሪዎች እንደ ዝናብ ትንበያ በመቶኛ ነው የሚናገሩት፣ ክሩ መክረሩ ቢታይም የሚበጠስበትን ደቂቃ መናገር አልተቻለም። ፓርከር የተባለችው መንኮራኩር በታኅሣሥ 2024 ከፀሐይ ገጽ 6.1 ሚሊዮን ኪሎ ሜትር ድረስ የተጠጋችው እንዲህ ያለውን ጥያቄ ይዛ ነው።

ጉዳዩ የዋልታ አገሮች ብቻ እንዳይመስለን። የማግኔት ወገብ የሚባለው፣ የምድርን ማግኔት ሰሜንና ደቡብ ብሎ የሚከፍለው መስመር በኢትዮጵያ ላይ ያልፋል። ቀን ቀን ከራሳችን በላይ 105 ኪሎ ሜትር ገደማ ከፍታ ላይ ብርቱ የኤሌክትሪክ ጅረት ይፈሳል፣ ፍሌር ሲመታውም ይጎለብታል። አዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ ከ1958 እ.ኤ.አ. ጀምሮ የምድርን ማግኔት የሚመዘግብ ጣቢያ አለው፤ እንዲህ ያለው ዝላይ ጣቢያው በሚመዘግበው መስመር ላይ ይታያል። ለዚህ ጥናት እኛ ያለንበት ቦታ ውድ ነው፣ ብዙ ወጣት ቢገባበት ደስ ይለኛል።

ለሰውነታችን የሚያሰጋ ነገር የለም፤ ኤክስሬዩን አየራችን ከላይ ውጦ ያስቀረዋል። ስልክም አያቃጥልም። ለእናቴም ያልኳት ይህንኑ ነው። ቤት ውስጥ ፍሌር የሚሰማው ነገር ካለ የድሮው አጭር ሞገድ ሬዲዮ ነው። የአጭር ሞገድ ድምፅ አዮኖስፌር ከሚባለው፣ ኤሌክትሪክ ካለው የላይኛው የአየር ክፍል እየነጠረ ነው የሚደርሰን። ቀን ላይ ብርቱ ፍሌር ሲመጣ ከ60 እስከ 90 ኪሎ ሜትር ያለው የታችኛው ንብርብር በኤሌክትሪክ ይሞላና ድምፁን ይውጠዋል። ማታ ሲንኮሻኮሽ ምክንያቱ ሌላ ነው። በጠራራ ፀሐይ ግን ጣቢያዎቹ ሁሉ ባንዴ ጸጥ ካሉ ባትሪ አትቀይሩ፤ ጥቂት ቆዩ። ከአሥር ደቂቃዎች እስከ ሰዓት ወይም ሁለት ሰዓት ባለው ጊዜ ይመለሳሉ፣ በመጀመሪያ የሚመለሱትም ሜጋኸርዛቸው ከፍ ያሉት ናቸው።